ጭቃውን ብቻ

ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው፤ ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚሄደው ስልክ ስሙን በወረሰው ሰፈር። አባታችን ጭቃ መርጎ፣ ቆርቆሮ ከድኖ የሠራው ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብሎ ይህችን ተወልን።

ቤቱን ጠልተነው አይደለም። እማዬ ጉልበቷ ደከመ፤ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ በክረምት ያቺ አሥር እርምጃ ለሷ ገደል ናት። በ2008 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ደግሞ መንገዱ መሐል ለመሐል ታጠረ፤ ድሮ ሰተት ብላ ተሻግራ ቡና የምትጠጣበት ደጅ ዙሪያ ጥምጥም ሆነባት። ቡና ጠጪዎቹም፣ እውነቱን እንናገር፣ አልቀዋል።

ደላላው መጣ። ግድግዳውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ግቢውን በእርምጃ ለካ። «ቤቱ ይፈርሳል፤ ዋጋው የቦታው ነው» አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ይላልና በውሉ የሚጻፈው ቤቱ ነው፤ የሚከፈለው ግን ለመሬቱ! የአባታችን ልፋት ለፊርማ ያህል ብቻ ተፈለገ።

ማታ ተሰብስበን ይህንኑ ለእማዬ ነገርናት። ዝም ብላ ቆየችና፣

«እሱ ጭቃውን ሲያቦካ ጭዱን ያቀበልኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም፣ «የምትወስዱኝ ቤት፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው?»

«ውስጥ ነው።»

«እንግዲያስ ክረምት ሳይገባ ሽጡት።»