ተዳፋት ላይ ለምታጥሩ

መስከረም ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ክረምቱ ያጋደማቸውን አጥሮች ያያል። ሰው ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ ያሳጠረው አጥር ሁለት ክረምት ሳይሻገር ሲወድቅ ማየት ያንገበግበኛል። እኔ እንደማየው ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም፤ ተዳፋቱ እንደ ሜዳ ስለሚታጠር ነው።

ቋሚ የሚተከለው በቱምቢ ነው፣ በዓይን አይደለም። ዳገት ላይ ዓይን ያታልላል፤ እንጨቱን ከመሬቱ ጋር እያስተያየ ሳይታወቀው ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብለዋል። ቱምቢ ከሌለ ሲባጎ ላይ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል።

ለ2 ሜትር አጥር ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይቆፈራል። ጥልቀቱን ግን ከጉድጓዱ የታችኛው ከንፈር ለኩ። ከላይኛው ከለካችሁ ቋሚው በሚደገፍበት ወገን አፈሩ ይጎድለዋል። የድንጋዩም ቦታ አለው፦ ከግርጌ በዳገቱ በኩል፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በቁልቁለቱ በኩል። ከላይ የሚገፋ አፈር አናቱን ወደ ታች ሲጥለው ግርጌው ወደ ዳገቱ ይሸሻል፤ ሁለቱ ድንጋዮች የሚይዙት ያንን ነው። አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ እየመለሳችሁ ጠቅጥቁት።

በአጣና የምታጥሩ ዕድለኞች ናችሁ። ማገሩ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አጣናው አንድ በአንድ ቀጥ ብሎ ይመታል፣ ከሥር ክፍተት አይኖርም። ቆርቆሮ ግን በደረጃ ካልሆነ አይወርድም። በ100 ሜትር 20 ሜትር በሚያዘቀዝቅ መሬት ቋሚዎቹ በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ከቆሙ እያንዳንዱ ደረጃ 50 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከሥሩ ውሻ የሚያሾልክ ክፍተት ይቀራል። እባካችሁ በአፈር አትድፈኑት! አፈሩ ቆርቆሮውን ያዝገዋል፣ ምስጡንም እስከ ማገሩ ያደርሰዋል። ሲሚንቶ የሌለው የድንጋይ ካብ ይሻላል፤ ውሃ በመሃሉ ያልፋል።

ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ከመስፋፋቱ በፊት ቋሚ ማለት ጽድና ወይራ ነበር፤ ጽድን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ዛሬ ጽድ ብርቅ ስለሆነ ባሕር ዛፉን ልጣችሁ በደንብ አድርቁት። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ብዙ ሰው የሚቀበረውን ጫፍ ብቻ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ መበስበስ የሚጀምረው ግን አፈርና አየር በሚገናኙበት ላይ ስለሆነ ቅቡ ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

በር ወደ ዳገቱ እንዲከፈት አታድርጉ፤ መሬቱ ይይዘዋል።

ከሁሉም የሚከፋው ውሃው ነው። ዳገቱን አቋርጦ የሚሄድ አጥር ቅጠሉንና ፌስታሉን ሰብስቦ ሐምሌ ላይ ግድብ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ጭቃ በቋሚዎቹ ላይ ይደገፋል። ከአጥሩ በላይ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቦይ ቁረጡ። ቦዩ ሲያልቅ ውሃው የሰው ግቢ እንዳይገባ አስቡበት፤ ከታች የሚኖሩት እናት የጭቃ ግድግዳቸው ሥር ጎርፍ ቢለቀቅባቸው ቤታቸው ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሳይቆፈር በራቸውን አንኳኩና ውሃው የት እንደሚወጣ መሬቱ ላይ ቆማችሁ አብራችሁ ተስማሙ።