ከነውሻ የሚያሳድር ጎጆ፤ ወደ ዋይት ደሴት የተደረገ የዕረፍት ጕዞ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ይህ የአባቶች ቃል የውሻን ታማኝነት የሚያመሰግን ቢሆንም፣ በሀገራችን ልማድ ውሻ የደጅ ጠባቂ እንጂ የእልፍኝ ባለሟል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ግን ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ ተቈጥሮ በእሳት ምድጃ አጠገብ ይተኛል። ቤተ ሰቡም ለዕረፍት ሲነሣ «ውሻውንስ ምን እናድርገው?» የሚለው ጥያቄ ከስንቁና ከጓዙ አስቀድሞ ይነሣል። እኔም በለንደን ከተማ ነዋሪ ነኝና ባለፈው ዓመት ይህ ጥያቄ ደረሰብኝ፤ ያውም እጥፍ ሆኖ ደረሰብኝ። ከዚያ የተማርሁትን ብገልጽ፣ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ለመጠየቅ ወደዚያ አገር ለሚሄድ አንባቢ ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍሁ። ስለዚያ አገር ታሪክና ሕግ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

እናቴ በሰባ ስድስት ዓመታቸው የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከአዲስ አበባ መጡ። ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቡቺ የተባለው ጥቁር ላብራዶር ውሻችን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አብሯት ስላደገ እንደ ወንድም ትወደዋለች። እናቴ ግን ውሻ ሲቀርባቸው ይንቀጠቀጣሉ። በልጅነታቸው የጎረቤታቸው ልጅ በዕብድ ውሻ ተነክሶ ሲሞት አይተዋልና ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። የውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አጥቦ ክትባቱን መቀበል ያድናል። በብሪታንያ ይህ በሽታ ከቤት ውሾች ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እንዳይመለስም እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከውጭ የሚገባ ውሻ ስድስት ወር ተለይቶ ይጠበቅ ነበር። ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ አንተ ከመጽሐፍ አንብበኸዋል፤ እኔ ግን የልጁን ጩኸት ሰምቼዋለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ እናቴ ውሻ ባለበት ክፍል አላድርም አሉ፤ ልጄም ቡቺ ከቀረ እኔም እቀራለሁ አለች። ከዚህ ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነበረ። ልጄ አማርኛ ብዙ ስለማታውቅ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የሚነጋገሩት በእኔ አስተርጓሚነት ብቻ ነበር። በአንድ ጎጆ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢሰነብቱ ይቀራረባሉ የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ተስፋው በውሻ ምክንያት ሊፈርስ ሆነ።

ሆቴል መግባት አልተቻለም። የትምህርት ቤት ዕረፍት የሆነው ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ወር ስለ ሆነ፣ በቅቤና በእንቍላል የተሰናዳ የሆቴል ገበታ ለእናቴ አይሆንም። በእንግሊዝ አገር ግን ከነወጥ ቤቱና ከነዕቃው በሳምንት የሚከራይ ቤት አለ። አብሳይም አሳላፊም የለበትም፤ ተከራዩ እንደ ገዛ ቤቱ አብስሎ ይኖርበታል። በገጠር ከሚገኙት ብዙዎቹ ቀድሞ የገበሬ ወይም የዓሣ አጥማጅ ጎጆ፣ አንዳንዶቹም ጎተራ የነበሩ ናቸው። ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ወይም ከዓርብ እስከ ዓርብ ነው፤ የሚገባውም በእኛ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ገደማ፣ የሚወጣውም ጧት በ4 ሰዓት ገደማ ነው።

«ውሻ ይፈቀዳል» የሚለውን ማስታወቂያ ያየ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ እንዳያስብ እመክራለሁ። ከዚህ በፊት በሌላ አውራጃ «አጸዱ ዙሪያውን የታጠረ ነው» የተባለ ቤት ተከራይተን ነበር። ደርሰን ቡቺን ብንለቀው አጥሩ በፊት ለፊት ብቻ ኖሮ በጓሮ በኩል ወደ መኪና መንገድ ወጣ። ባለመኪናው ፈጥኖ ባያቆም ኖሮ ልጄ ውሻዋን በዚያች ሰዓት ታጣው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ጥያቄዬን በጽሑፍ እልካለሁ፤ መልሱንም አስቀምጣለሁ።

የምጠይቀውም ይህን ነው። አንደኛ፣ አጥሩ በአራቱም ማዕዘን ሙሉ ነው ወይ? ከፍታውስ ምን ያህል ነው? አጸዱስ ከጎረቤት ጋራ የጋራ ነው ወይስ የብቻ? ሁለተኛ፣ ስንት ውሻና ምን ያህል የሚያህል ውሻ ይፈቀዳል? ለውሻው የሚጨመረው ገንዘብስ ለሳምንቱ ነው ወይስ ለያንዳንዱ ሌሊት? ሦስተኛ፣ ውሻው የተከለከለው ክፍል የትኛው ነው? ለብቻውስ ቤት ውስጥ መተው ይፈቀዳል? ብዙ አከራዮች ይህን አይፈቅዱምና፣ ያላወቀ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በተራ ሲጠብቅ ይሰነብታል። አራተኛ፣ በአጥሩ ማዶ በግ ወይም ከብት አለ ወይ? አምስተኛ፣ ሽማግሌ ወይም ባልቴት አብሮ ካለ፣ ምድር ቤት መኝታና መጸዳጃ አለ ወይ? የድሮ ጎጆዎች ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነውና።

እኔም በዚህ ላይ ስድስተኛ ጨመርሁ፤ በወጥ ቤቱና በእናቴ መኝታ መካከል የሚዘጋ በር አለ ወይ? አልሁ። ሁለት አከራዮች መልስ ሳይሰጡኝ ቀሩ። ሦስተኛዪቱ ባለቤት ግን የበሩን ፎቶግራፍ ልካ «መቀርቀሪያውም በእናትዎ ክፍል በኩል ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ደብዳቤውን ለእናቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ «መቀርቀሪያው በእኔ በኩል ከሆነስ እሄዳለሁ» አሉ።

ጎጆዪቱ ያለችው ከእንግሊዝ ምድር በስተ ደቡብ፣ አይል ኦፍ ዋይት በተባለችው ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በሚሉት ቀበሌ ነው። ደሴቲቱ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖራት ሶለንት የተባለው ጠባብ ባሕር ከምድሪቱ ይለያታል። ከሊሚንግተን ወደብ በመርከብ ተነሥተን በ40 ደቂቃ ያህል ያርመዝ ደረስን። በመርከቡ ላይ ውሾች ከጌቶቻቸው ጋራ ይሳፈራሉ፤ እናቴም በአንደኛው ጫፍ፣ ቡቺም በሌላው ጫፍ ሆነው ተሻገሩ።

የደሴቲቱ ምዕራብ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። በመጨረሻው ጫፍ «መርፌዎቹ» የተባሉት ዐለቶች ከባሕር ውስጥ ቆመዋል፤ አጠገባቸውም በ1859 ዓ.ም. የተሠራው የመርከብ መብራት አለ። ከገደሉ በላይ ያለው ሣር የለበሰ ኮረብታ በባለቅኔው በአልፍሬድ ቴኒሰን ስም ይጠራል፤ እርሱ ከ1853 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ቀበሌ ቤት ነበረው። በ147 ሜትር ከፍታ ላይም በ1897 ዓ.ም. ለመታሰቢያው የቆመ ታላቅ የድንጋይ መስቀል ይታያል። እናቴ መስቀሉን ከሩቅ አይተው ተሳለሙ፤ የባለቅኔ መታሰቢያ መሆኑን ብነግራቸውም «መስቀል መስቀል ነው» አሉ።

በዚህ ኮረብታ ከብት ስለሚሰማራ ቡቺን በማሰሪያው ይዘን ሄድን። በ1953 ዓ.ም. በወጣው ሕግ በግ ወይም ከብት የሚያሳድድ ውሻ ባለቤት ይቀጣል፤ ባለ መንጋውም ሌላ መንገድ አጥቶ ውሻውን ቢገድለው በ1971ቱ ሕግ መከራከሪያ አለው። ገደሉም አጥር የለውም። በብዙ የባሕር ዳርቻዎችም በበጋ ወራት ውሻ ስለሚከለከል በመግቢያው የተሰቀለውን ሰሌዳ ማንበብ ያሻል።

ወደ ፍሬሽዋተር ስንመለስ ዲምቦላ በተባለው ቤት ፊት ቆምን። ይህ ቤት ፎቶግራፍ በማንሣት ጥበብ ስሟ የታወቀው የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን መኖሪያ ነበር። መቅደላ በወደቀበት በ1868 ዓ.ም. አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስን፣ በመንገድም እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ያጣው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደዚህች ደሴት መጣ። በዚያው ዓመት ካሜሮን ፎቶግራፉን አነሣችው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በዚህችው ደሴት ባለው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥቷ ተቀበለችው። የፎቶግራፉን ቅጂ ይዤ ስለ ነበር ለእናቴ አሳየኋቸው።

እናቴ የልጁን ፊት ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ቀጥሎም «ይህ ልጅ በአማርኛ ከማን ጋራ ይጫወት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አሳዳጊው ሻምበል ስፒዲ አማርኛ ያውቅ እንደ ነበር፣ ኋላ ግን መንግሥት ከእርሱ ለይቶ ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እንዳስገባው፣ በ1879 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ሞቶ በዊንዘር እንደ ተቀበረ ነገርኋቸው። እናቴ መልስ አልሰጡም፤ ዞር ብለው ግን ልጄን አዩአት። ያን አመለካከታቸውን መተርጐም አላስፈለገኝም።

ወዲያው በመንገድ ዳር ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ቡቺም ደክሞት ኖሮ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ተኛ። እናቴ ሳይሸሹ ልጄን በእጃቸው ጠርተው ወደ ውሻው እያመለከቱ «ቁጭ በል» በይው አሏት። ልጄ ቃሉን ደግማ ውሻው የለመደውን የእጅ ምልክት ሰጠችው፤ ቡቺም ተነሥቶ ቁጭ አለ። እናቴ ለንደን ከገቡ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አያት ከበሩ ወዲያ «ና»፣ «ተኛ»፣ «ተው» ይላሉ፤ የልጅ ልጅ ቃሉን ተቀብላ በእጇ ታሳየዋለች። ውሻው በሳምንቱ አራት ቃል ለመደ፤ ልጄ የለመደችው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጾሙ የተፈታው ነሐሴ 16 ቀን፣ የመመለሻችን ዋዜማ ነበር። እናቴ በማለዳ ተነሥተው ሽንኵርቱን አቁላልተው ዶሮ ወጥ ሠሩ። ከበላን በኋላ የወጡን ትራፊ በእንጀራ አድርገው፣ አጥንቱንም ጨምረው፣ ሳሕኑን በገዛ እጃቸው ወደ ወለሉ እያወረዱ «ቡቺ፣ ና!» አሉ። እኔ ተጨነቅሁ። ሽንኵርት ጥሬውም ሆነ የበሰለው የውሻን ደም የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ነጭ ሽንኵርትም እንደዚሁ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ነገር ግን ከብዙ ፍርሃት በኋላ የተዘረጋውን የእናቴን እጅ እንዴት ልመልስ?

እኔ ይህን ሳስብ ልጄ ዘላ ተነሥታ «እማማ፣ ተው!» ብላ ጮኸች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቱ ለውሻ የተማረችውን ቃል ለአያቷ መናገሯን አላወቀችም። እናቴ ሳሕኑን እንደ ያዙ ቀና ብለው አዩአት፤ ከዚያም እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። «ልጄ፣ ለውሻ ‹ተው› ይባላል፤ ለአያት ግን ‹ይተዉ› ይባላል» አሏት። ልጄም «እማማ፣ ይተዉ፤ ሽንኵርት መጥፎ ነው፤ ቡቺ ይታመማል» አለች። በዚህ ጊዜ እኔ አንዲት ቃል አላስተረጐምሁም።

እናቴ ሳሕኑን አነሡ። ከጥሬው ዶሮ የተረፈውን ሥጋ ያለ ጨውና ያለ ቅመም በውሃ ቀቅለው፣ አጥንቱን ለቅመው፣ አቀዝቅዘው ሰጡት። በዚያች ሌሊት የመቀርቀሪያውን ድምፅ ለመስማት ጆሮዬን አቅንቼ ነበር፤ አልሰማሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ከቤተ ሰብህ ጋራ ለዕረፍት ስትሄድ ቤቱን በሥዕሉ ማማር አትምረጥ። ከሁሉ ደካማ የሆነው ሰው በየት እንደሚተኛ፣ ከሁሉ የሚፈራውም ምን እንደሚያስፈራው አስቀድመህ ጠይቅ። አጥሩን፣ ደረጃውንና በሩን በጽሑፍ አረጋግጥ። ሽንኵርትን፣ ዘቢብንና ቸኮሌትን ከውሻ አርቅ። መቀርቀሪያውንም ለሚፈራው ሰው ተውለት፤ ልቡ ሲፈቅድ እርሱ ራሱ ይከፍተዋል።