ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ግዙ



ኢንቦክሴ ውስጥ በብዛት የሚገባው ጥያቄ «ቲቸር፣ ለፋሽንና ለግላመር ፎቶ የትኛው ሌንስ ይሻላል?» የሚል ነው። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ መመለስ ስለሚከብደኝ ዛሬ እዚሁ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ከጀርባው የሰው ላብ አለ። ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጻፈችልኝ። ሁለት ዓመት ሰው ስቱዲዮ ውስጥ በረዳትነት ሠርታ አሁን የራሷን ክፍል ተከራይታለች። ዕቁብም ወጥቶላታል። «በዕቁቡ ብር 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.2 ልግዛ? የፋሽን ሌንስ ማለት እሱ ነው ይሉኛል» አለችኝ። መልሼ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፦ «ክፍልሽ ስንት በስንት ነው?»

«አራት በአምስት።»

ካሜራዋ ፉል ፍሬም ነው፤ እጇ ላይ ያለው ሌንስ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ነው፤ መብራቷ ደግሞ አንድ ያረጀ ፍላሽ ብቻ። ይህን ብር አንዴ ካወጣችው፣ ሌላ ዙር ዕቁብ እስኪደርሳት ድረስ የለም። እንግዲህ የምጽፈው ለእሷ የመለስኩላትን ነው፤ ፈቅዳልኛለች።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «85 ፊት ያሳምራል፣ 35 ፊት ያጣምማል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሌንሱ እኮ ፊት አያጣምምም። የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው በካሜራውና በሰውዬው መካከል ያለው ርቀት ነው። ሰፊ ሌንስ ስትይዙ ፊቱ ፍሬሙን እንዲሞላላችሁ ትጠጋላችሁ፤ ጣጣው የሚመጣው ከመጠጋቱ ነው። ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ አንዱን በ35፣ አንዱን በ85 አንሱ። ከዛ የ35ቱን ፎቶ ክሮፕ አድርጋችሁ ከ85ቱ ጋር አስተያዩት። አፍንጫና ጆሮው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ሒሳቡም ቀላል ነው። የአፍንጫ ጫፍ ከጆሮ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀድማል እንበል። ስልክ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዛችሁ ሴልፊ ስትነሱ አፍንጫው 30 ላይ፣ ጆሮው 42 ላይ ነው ያለው፤ ስለዚህ አፍንጫ ከጆሮ አንጻር በ40 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ስትቆሙ ግን ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ሦስት ሜትር ላይ 4 በመቶ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ያሰሉ ተመራማሪዎች፣ በቅርብ ሴልፊ አፍንጫ በ30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ እንደሚታይ ጽፈዋል። ለጥናቱ ያነሳሳቸው ሴልፊያቸውን እያሳዩ «አፍንጫዬን ቀንሱልኝ» ብለው የሚመጡ ታካሚዎች ናቸው።

ይሄ ነገር እኛም ጋ አለ። ፎቶ ለመነሳት የመጣች ቆንጆ ልጅ ገና ቁጭ ሳትል «እባክዎ አፍንጫዬን ይደብቁልኝ» ትላለች። ማን ነገራት? ስልኳ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ የተነሳ ጥሩ ፎቶ ስታሳዩዋት የምታዩትን ፊት ማንም ሌንስ ሻጭ አይሸጥላችሁም።

እንግዲህ ሌንስ ስትመርጡ የምትመርጡት የምትቆሙበትን ቦታ ነው። ሌንሱ የሚወስነው፣ እዛ ቦታ ላይ ቆማችሁ ምን ያህሉ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ። ቁመቷ 1.70 የሆነች ሞዴል ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ሙሉ ቁመቷን ልናነሳ ነው። ከላይና ከታች ትንሽ ክፍት ቦታ ስንተው ፍሬሙ 2.10 ሜትር ያህል መሸፈን አለበት። ፉል ፍሬም ካሜራ ወደ ቁም አዙረን ስንይዝ የምንቆምበት ርቀት በግምት ይሄን ይመስላል፦

በ35 ሚሊሜትር፦ 2 ሜትር
በ50 ሚሊሜትር፦ 3 ሜትር
በ85 ሚሊሜትር፦ 5 ሜትር
በ135 ሚሊሜትር፦ 8 ሜትር
በ200 ሚሊሜትር፦ ወደ 12 ሜትር

በዚህ ላይ ጥላዋ የጀርባው መጋረጃ ላይ እንዳይወድቅ ሞዴሏን ከመጋረጃው አንድ ሜትር ተኩል ማራቅ አለ። ለራሳችሁ መቆሚያ ደግሞ ግማሽ ሜትር ጨምሩ። ስለዚህ 85 ሰባት ሜትር ይጠይቃል። የልጅቷ ክፍል አምስት ሜትር ነው። ያንን ውድ ሌንስ ብትገዛ ሙሉ ቀሚስ ለማንሳት በሩን ከፍታ ኮሪደር ላይ ልትቆም ነው! በእጇ ያለው 50 ግን ልክክ ይላል፦ 3፣ ሲደመር አንድ ተኩል፣ ሲደመር ግማሽ፤ አምስት።

ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ቁጥሩን አባዙ፤ ካኖን ከሆነ በ1.6፣ ኒኮን ወይም ሶኒ ከሆነ በ1.5። የእናንተ 50 እንደ 80 ወይም 75 ነው የሚሠራው። ለጠባብ ክፍል የሚያስፈልጋችሁ 35 ነው ማለት ነው።

«ኤፍ 1.2ስ? ያ ሁሉ ብለር?» ትሉኛላችሁ። እሺ። በ85 ሚሊሜትር፣ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ ኤፍ 1.2 ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዓይኗ ከጠራ ጆሮዋ ሄዷል፤ አንገቷ ላይ ያለው ጥበብም አብሮ ሄዷል። ኤፍ 8 ላይ ግን 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። የፋሽን ፎቶ ደግሞ ልብስ ለማሳየት የሚነሳ ነው። ያንን ጥለት ሸማኔው ክር በክር ቆጥሮ ነው የሠራው፤ ዲዛይነሯም የከፈለቻችሁ ክሩ እንዲታይላት ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ልብሱን እየዳሰሰ የሚገዛ ሰው፣ በስልክ ሲያየው የሚዳስሰው በዓይኑ ነው። ያንን በብለር አቅልጣችሁ ብታስረክቧት ምን ልትሸጥበት ነው?

ስቱዲዮ ውስጥ በፍላሽ ስትሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 8 አካባቢ ናችሁ። እዛ ላይ ርካሹ 50ም ውዱ 85ም ጥርት አድርገው ያነሳሉ። ውጭም ቢሆን፣ የቀትር ፀሐይ ላይ አይኤስኦ 100፣ ፍጥነቱ ከፍላሽ ጋር የሚሄደው አንድ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ከሆነ አፐርቸሩ ኤፍ 11 አካባቢ ይሆናል። ለኤፍ 1.2 የከፈላችሁት ብር ተኝቶ ይውላል ማለት ነው። ደግሞ ብዙ ፈጣን ሌንሶች ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ነጭ ልብስ ከጨለማ ባክግራውንድ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ያወጣሉ። የእኛ አገር ልብስ አብዛኛው ነጭ ነው፤ ለኤዲቲንግ የምታመሹትን ሰዓት አስቡት።

ነጠላ ስታነሱ ሌላም ነገር አለ። ድርና ማጉ ቀጭን ስለሆነ፣ ከሴንሰሩ ነጥቦች ጋር ሲገጣጠም ልብሱ ላይ የሌለ የሚሞገድ መስመር ይፈጥራል። ሲከሰት መጀመሪያ የምትሞክሩት ነገር ነጻ ነው፤ ግማሽ እርምጃ ቀረብ ወይም ራቅ በሉ።

ፈጣን ሌንስ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በመስኮት ብርሃን የፊት ፎቶ ለሚሠራ፣ ማታ ሆቴል ውስጥ በመብራት ብቻ ለሚያነሳ ሰው በደንብ ያገለግላል። ፋሽን ሾው ላይ ደግሞ ቦታ የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፤ መድረኩ መጨረሻ ላይ ተደርድራችሁ ነው የምታነሱት። እዛ 70-200 ኤፍ 2.8 የሚያህል የለም። ቦታው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር፣ ርቀት የሰው ጉዳይም መሆኑ ነው። በ200 ሚሊሜትር 12 ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ ሞዴሏ ድምፃችሁን አትሰማም፤ ትጮሃላችሁ፣ እሷም ትደነግጣለች። ግማሽ ሜትር ላይ ስትቆሙ ደግሞ ትንፋሿ ውስጥ ገብታችኋል። ግላመር ላይ ይሄ ይብሳል። የመጀመሪያ ቀኗ ነው፣ ልብሱ ስስ ነው፣ ሰውየውን አታውቀውም። ከአንድ ሜትር በታች ስጠጋ ሁልጊዜ «ልጠጋ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሜካፕ የምትሠራት ልጅ ወይም እህቷ ወይም ጓደኛዋ ክፍሉ ውስጥ እንድትኖርም አደርጋለሁ። ለዓይንና ለከንፈር ሜካፕ ከ50 ይልቅ 100 ማክሮ የምመርጥበትም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ያንኑ ፍሬም በእጥፍ ርቀት ላይ ሆኜ አገኘዋለሁ። ትከሻዋ ሲላላ ፎቶው ላይ ይታያል።

ሪቻርድ አቬደን እነዛን ታዋቂ የፋሽን ፎቶዎቹን ሲሠራ ለዓመታት የተጠቀመው ሮሊፍሌክስ ሌንሱ የማይቀየር ካሜራ ነው። የሚቀየረው የሰውየው እግር ነበር። ከ1979 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምዕራብ እየዞረ ሰዎችን ሲያነሳ ደግሞ ትልቁን ካሜራ አቁሞ፣ ራሱ ከካሜራው ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ ይቆም ነበር። ሰዎቹ የሚያዩት እሱን ነው።

ለተማሪዬ የሰጠኋት ምክር ይሄ ነው፦ 50ሽን ያዢ። ለፊትና ለደረት ፎቶ ያገለገለ 85 ኤፍ 1.8 ፈልጊ፤ ለፊት ፎቶ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚበቃው ክፍልሽ ውስጥ ይሠራል። የቀረውን ብር ሁለት መብራትና አንድ ትልቅ ሶፍት ቦክስ ግዢበት። ትንሽ ዝም አለችና «ግን ቲቸር፣ ደንበኛ እኮ ሌንስ አይቶ ነው የሚያከብረው» አለች። እውነቷን ነው፤ አልካድኳትም። ትልቅ ሌንስ ያየ ደንበኛ አንዴ ያከብራችኋል። ተመልሶ የሚመጣው ግን ልብሱ ስለተሸጠለት ነው። ትልቅ ሥራ በመጣ ቀን ደግሞ ትልቁን ሌንስ ለአንድ ቀን መከራየት ይቻላል።

ስለዚህ ልጆች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ልብስ ሰፊ የሚይዘውን ሜትር ይዛችሁ የምትሠሩበትን ክፍል ለኩ። ሁለተኛ፣ የወደዳችኋቸውን የመጨረሻ መቶ ፎቶዎቻችሁን ክፈቱና በስንት ሚሊሜትር እንደተነሱ እዩ፤ ፋይሉ ላይ ተጽፏል። ሦስተኛ፣ ያሰባችሁትን ሌንስ ከጓደኛ ተውሳችሁ ወይም ተከራይታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ሥሩበት። ከዛ በኋላም ልባችሁ ከፈለገው ግዙት፤ በላባችሁ ነው።

የክፍላችሁን ስፋትና ያላችሁን ካሜራ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ቁጥሩን አብረን እንሠራዋለን። ዕቁብ ሊወጣለት የደረሰ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ቶሎ ላኩለት።

መልካም ሳምንት!