ድምፁ ከወዴት ነው?

አባቴ በግራ ጆሮዋቸው አይሰሙም። ዱከም ያለው ቤታችን ደግሞ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው በአሮጌው አስፋልት ዳር ነው። ባለፈው ጥቅምት መንገዱን ሲሻገሩ የከባድ መኪና ጡሩምባ ሰምተው ወደ ቀኝ ዞሩ፤ መኪናው የመጣው ግን ከግራ ነበር። ጋቢያቸውን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኋቸው። «ድምፁንማ ሰምቼዋለሁ፤ ከወዴት እንደ ሆነ ነው ያጣሁት» አሉኝ።

ስለ ጋማ ጨረር ሳነብ ይኸው ቃላቸው ትዝ አለኝ። በጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን፣ ኤን ቶፍ በተባለው ስፍራ፣ ኒውትሮን ወደ ናሙና ይለቀቃል። ናሙናው ኒውትሮኑን ሲይዝ ጋማ ያወጣል፤ በከዋክብት ውስጥ ከብረት የከበዱ ንጥረ ነገሮች እንዴት እንደ ተፈጠሩ ለመረዳት የሚለካው ይኸው ነው። ዳሩ ግን ከናሙናው ነጥረው የሚሄዱት ኒውትሮኖች ግድግዳውን ሲያገኙት ግድግዳውም ጋማ ያወጣል። ተራው መሣሪያ ሁለቱንም ደርቦ ይቈጥራል፤ አባቴ ይቅር ይበሉኝና፣ ባለ አንድ ጆሮ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. አይ-ቴድ የሚባል መሣሪያ ሐሳብ ቀረበ። የላንታነም ክሎራይድ ክሪስታሎች በፊትና በኋላ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። ጋማው በፊተኛው ጥቂት ጉልበት ትቶ፣ አቅጣጫውን ለውጦ፣ በኋለኛው ይቀራል። ከሁለቱ ቦታና ጉልበት የመጣበት ወገን ይሰላል። የሚገኘው አንድ መሥመር አይደለም፤ እንደ መሶብ ክዳን የሾጠጠ ቅርጽ ነው። ቢሆንም ከናሙናው ሊመጣ የማይችለውን ብዙውን ለይቶ ለመጣል ይበቃል።

ማታ ቡና ሲፈላ ይህን ለአባቴ አጫወትኋቸው። «እንግዲያስ ለእኔም ሁለተኛ ረድፍ ይሠራልኝ» ብለው ሳቁ። መንገዱን ግን ዛሬም በግራቸው ቆሜ ነው የማሻግራቸው።