ስምን ማን ያወጣዋል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምተን አድገናል። ቡልጋሮች ግን መልአኩን ሳይጠብቁ ወደ አያት ይሄዳሉ። የበኩር ልጅ ብዙውን ጊዜ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፤ ሴቷም የአያቷን።

አጠራራቸው ከኛ እምብዛም አይርቅም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤተሰብ ስም፤ ሦስት ነው። በአባት ስም ጫፍ ላይ ለወንድ «ኦቭ» ወይም «ኤቭ»፣ ለሴት «ኦቫ» ወይም «ኤቫ» ይቀጥላሉ። የፔታር ልጅ ኢቫን ከሆነ ኢቫን ፔትሮቭ ነው፤ እህቱ ማሪያ ፔትሮቫ። ሦስተኛው ስም ዛሬ ቋሚ ነው እንጂ ድሮ እንደኛው በየትውልዱ ይቀያየር ነበር። ገጣሚው ሕሪስቶ ቦቴቭ የቦትዮ ፔትኮቭ ልጅ ነው። ዓለም ያወቀው ታዲያ በአያቱ ሳይሆን በአባቱ ስም ነው። ይሄማ የኛው ወግ አይደል እንዴ?

ልጅ እየሞተባት የተቸገረች የቡልጋር እናት ስቶያን ብላ ትሰይም ነበር፤ «ቁም፣ ቆይልኝ» ለማለት። ዢቭኮ «ሕያው» ነው። ቩልኮ ተኩላ ነው፤ በሽታ እንዲፈራው። እኛም ምትኩና ማስረሻ የሚባሉ ዘመዶች አሉንና የዚያችን እናት ልብ ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻንም።

ታዲያ ስምን እንዲህ የሚያከብር አገር ስም ነጠቀ ቢሉን ማን ያምናል? ግን ሆኗል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፖማክ የሚባሉት ቡልጋርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ስማቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። በ1984 ክረምት ደግሞ ተራው የቱርኮቹ ሆነ። ወታደርና ሚሊሺያ መንደሩን ይከብባል፤ ጸሐፊው የስም ዝርዝር ይዞ ይቀመጣል፤ ገበሬው አንዱን ይመርጣል፤ አሮጌው መታወቂያ ተወስዶ አዲስ ይሰጠዋል። እምቢ ካሉት መካከል የተገደሉም የታሰሩም አሉ። የሙታን ስም እንኳ ከመዝገብ ላይ ተለወጠ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ተረታችን እዚያ አልሠራም።

ክብደት አንሺው ናይም ሱሌይማኖቭ በ1985 ናኡም ሻላማኖቭ ተባለ። በ1986 ሜልቦርን ለውድድር እንደሄደ ከዳና ቱርክ ገባ። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ወርቁን ያነሣው ናይም ሱሌይማኖግሉ ተብሎ ነው። «ኦግሉ»ም እንደ «ኦቭ» ያው ልጅነትን ያመለክታል። አንድ ጉልበት፣ ሦስት ስም! በ1989 ከ300,000 በላይ ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ቱርክ ፈለሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ውሳኔውን ሻረ፤ በ1990 ስም የሚመለስበት ሕግ ወጣ። የቡልጋሪያ ምክር ቤት ድርጊቱን ያወገዘው ግን ገና በ2012 ነው።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ እስቲ በየመኝታ ክፍላችን ዞር ዞር እንበል። ከመካከላችን አባቱ ሁለት ስም ያለው ስንት አለ? አንዱን እናት በራሷ ቋንቋ ያወጣችው፣ ሁለተኛውን ደግሞ «ይሄ ስም ለመጥራት ያስቸግራል» ተብሎ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የተቀበለው። እርግጥ መንደር በወታደር አልተከበበም። ግን ልጁ ስሙን አውልቆ ነው ወደ ክፍል የገባው፤ ጫማ እንደሚያወልቅ።

ስም መቀየር በራሱ ነውር አይደለም። ሰው ወዶ ይመነኩሳል፣ ወዶ የብዕር ስም ያወጣል፤ ማንም አያዝንም። ነውሩ ሌላው ሰው «ይህ አይመቸኝም» ብሎ ሲሰይመን ነው። ስለዚህ የጓደኛችን ስም ከበደን ብለን ባናሳጥረው፣ አንዴ ቢያቅተን ሁለቴ ብንሞክረው ምን ይለናል? ምላስ ይለመዳል። ለዚያ ስም አንዲት እናት ዘጠኝ ወር አስባበታለች።