ነጠላ ጫማና ፍሬን

ይሄውላችሁ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና እሽቅድድም ጫማ ነው። «ጎጃም ውስጥ ደግሞ ማን ይሽቀዳደማል?» የሚል ካለ፣ ከቡሬ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ለመግባት የቸኮለ አይሱዙ ቀድሞት አያውቅም ማለት ነው። የጫት አይሱዙን ሰዉ በአንድ ወቅት «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው እንዲሁ አይደለማ!

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። በጋዜጠኝነት ተመርቄ «ሥራ እየፈለግኩ» ነበር (ማለትም ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር)። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ጋሼ የምንላቸው አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ያን ቀን «እስቲ እስከ ቡሬ ንጂው» ብለው አሮጌ ፒክ አፓቸውን ሰጡኝ። ውጭው ጭቃ ነው፤ አዲሱ ጫማዬ እንዳይበላሽ ብዬ በነጠላ ጫማ ገባሁ። ጋሼ እግሬን አይተው ሊናገሩ ሲሉ ስልካቸው ጠራ፤ በዚያው ረሱት።

ማንኩሳ ልንደርስ ስንል ከጥርጊያ መንገድ አንድ ጋሪ ብቅ አለ። እግሬን ከነዳጁ አንስቼ ወደ ፍሬኑ ስወስድ ነጠላ ጫማዋ ሾለከችና ፔዳሉ ሥር ገባች። ረገጥኩ። ግማሽ ድረስ ወርዶ እምቢ አለ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ያው ነው። ጋሼ የእጅ ፍሬኑን ሳቡት። መኪናዋ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራታ፣ ዞር ብላ፣ ፈረሱ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ጋሪው ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። አልጮኸችም። ነጠላዋን ወደ ሕፃኑ ራስ ሳብ አድርጋ ዝም ብላ አየችኝ። ይህን ስጽፍም ፊቷ ይታየኛል።

ጋሼ አልተቆጡኝም (ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር)። ጎንበስ ብለው ጫማዋን ከፔዳሉ ሥር አወጡና «ይቺ የቤት ናት» አሉ። በቃ።

እኔ ደግሞ ክርክር አላጣም፤ ትንሽ ቆይቼ «ታዲያ በባዶ እግሬ ልንዳ? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደል?» አልኩ። «ቶኪዮ ላይስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጀበት አበበ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቷል። ደግሞም ያን ጀግና የጣለው ማራቶን ሳይሆን መኪና ነው፤ በ1969 ቮልስዋገኑ ከተገለበጠ ወዲህ በእግሩ አልሄደም። ባዶ እግር እርጥብ ፔዳል ላይ ያንሸራትታል፤ በኃይል ሲረግጡት ደግሞ ያማል፤ ያመመው እግር ሳያስበው ይለሳለሳል።

ከዚያ በኋላ እውነተኞቹ ተወዳዳሪዎች ምን እንደሚያደርጉ ማንበብ ጀመርኩ። የእነሱ ጫማ ሶሉ ስስ ነው፤ ፔዳሉ ምን ያህል እንደወረደ እግር እንዲሰማው። ተረከዙ ክብ ነው፤ ወለሉ ላይ አርፎ እንዲዞር። ጎኑ ጠባብ ነው፤ ምክንያቱም በእጅ ማርሽ የሚነዱት ማርሽ ሲቀንሱ በአንድ ቀኝ እግር ፍሬኑን ይዘው በጎኑ ነዳጁን ይነካሉ። እሳትም አለ። ኒኪ ላውዳ በ1976 ጀርመን ውስጥ ከነመኪናው ሲቃጠል ዓለም አይቷል፤ ዛሬ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የእሳት መከላከያ ደረጃ ከቱታው አልፎ ጫማውንም ይጨምራል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ተወዳዳሪው መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሶሉ ይጠረግለታል። ጋሼም ከመግባታቸው በፊት ሶላቸውን በጆንያ ይጠርጋሉ! እኔ ለመኪናው ንጽሕና ይመስለኝ ነበር።

እኛ አገር ግን አንድ ችግር አለ። በቀዩ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ እግሩ ያብጣል፤ ምዕራብ ጎጃም ይህን በሽታ በደንብ ያውቀዋል። ትንኝ አያመጣውም፤ የሚመጣው ከአፈሩ ነው፤ መከላከያውም እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። ለእርሻው የሚበጀው ጠንካራና ድፍን ጫማ ነው፤ ለፔዳሉ ደግሞ ስሱ። አንድ ጫማ ሁለቱንም አይሆንም።

ቡሬ ስንደርስ ጋሼ አንድ ሱቅ አስገቡኝ። እኔ ቦቲ አነሳሁ። «እሱ ለጭቃው ነው» ብለው ሸራ ጫማ አወረዱ። ሶሉን በጣታቸው አጠፉት፤ ታጠፈ። ታኮ እንደሌለው አዩ። ተረከዙን ይዘው ከእግሬ ሊያወልቁት ሞከሩ፤ አልወለቀም። ማሰሪያውን ራሳቸው አሳጥረው ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጡት። ስመለስም እኔው ነዳሁ፤ ማንኩሳ ጋ ስንደርስ ሳይነግሩኝ ማርሽ ቀነስኩ።

ነጠላ ጫማዋን እናቴ መታጠቢያው በር ላይ ትጫማታለች። የቀኟ ላይ የፔዳሉ ጠርዝ ያተመው ጭረት አለ። ከየት እንደመጣ እስካሁን አልነገርኳትም።