«ደመወዝ ጨርስ» ሱቅ ገብቼ ወጣሁ!

መቼም አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ኋይት ሀውስ ነው፤ ካልሆነም ስለ ባቡሩና ስለ ሕንፃው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የምግብ መሸጫ ነው። አትሳቁ እንጂ! የሰው ሀገር የሚታወቀው ገበያው ሲታይ ነው። ደግሞም ሱቁ እንዲሁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ እኔንና የአክስቴን ልጅ ሊያኳርፈን ምንም አልቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት (እዚያ በጋ ነው) ዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሰነበትኩ። ከተማዋ የሜሪላንድ ትሁን እንጂ በእግራችሁ ዞር ዞር ስትሉ የአማርኛ ጽሑፍ የተለጠፈበት መስኮት፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ፣ ቡና የሚሸት ደጃፍ አታጡም። የአክስቴ ልጅ እዚያ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሌሊት አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ቀን ትማራለች። እንቅልፏን መቼ እንደምትጨርሰው እግዜር ይወቅ። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ከሥራ መልስ፣ ዓይኗ እንደቀላ፣ «ተነስ፣ ቆንጆ ቦታ ልውሰድህ» አለችኝ። ሙዚየም መስሎኝ ሸሚዝ ቀየርኩ። ወሰደችኝና ሆል ፉድስ የሚባለው ሱፐርማርኬት በር ላይ አቆመችኝ።

እናንተ ሆዬ! በሩ በራሱ ጊዜ ተከፈተና ከውጭው ቃጠሎ ወደ ደጋ ገባን። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ምግብ አይደለም፣ አበባ ነው። ቀጥሎ ፍራፍሬው በየቀለሙ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። ከጎመኑ በላይ ቀጫጭን ቧንቧ ተዘርግቶ በየመሀሉ ጉም የመሰለ ውሃ ይረጫል። ቆሜ ቀረሁ። ጎመን ሻወር ሲወስድ አይቼ አላውቅማ! ቺዙ ብቻውን የሰፈራችንን ሱቅ ያህላል። የበሰለው ምግብ ደግሞ በትሪ በትሪ ተዘርግቶ ደንበኛው እንደ ሰርግ ቤት በወረቀት ሳጥን እያነሳ በሚዛን ይከፍላል። ሰላጣውም ዶሮውም ድንቹም ዋጋው አንድ ነው፣ በፓውንድ። ፓውንድ 453 ግራም ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ጎደል ይላል። ብልጥ የሆነ ድንቹን ትቶ ዶሮውን ያነሳል። ሞኙ (እኔ ማለት ነኝ) ድንች ይቆልላል።

የአክስቴ ልጅ ሳቀችብኝ። ለካ ሴትዮዋ ባለሙያ ናት! መጀመሪያ አሜሪካ የገባች ሰሞን ስሙን በማልጠራው ሌላ ሱፐርማርኬት አትክልት ክፍል ሁለት ዓመት ሠርታለች። «አበባው ለምን ከፊት የተቀመጠ ይመስልሃል?» አለችኝ። «ሰው ገና ሲገባ አበባ ካየ የቀረው ሁሉ ዛሬ የተቀጠፈ ይመስለዋል። ወተትና እንቁላል ፈልገህ ስትመጣ ግን ከጀርባ ጥግ ነው። እዚያ እስክትደርስ ጋሪህ ይሞላል።» ዞር ብዬ ጋሪያችንን አየሁት። ግማሽ ደርሷል።

የሱቁን አመጣጥ የሰማ ሰው ግን ሊጠላው አይችልም። ኦስተን በምትባል የቴክሳስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የ25 ዓመት ወጣትና የ21 ዓመት ፍቅረኛው ከዘመድ ከወዳጅ 45 ሺህ ዶላር አሰባስበው ትንሽ የተፈጥሮ ምግብ መደብር ከፈቱ። የሚሸጡትን እህል በተከራዩት ቤት ሲያከማቹ ቢገኙ ከቤቱ ተባረሩ፤ መደብሩ ውስጥ ማደር ጀመሩ። ሻወር የለም። ታዲያ ምን ያድርጉ? በዕቃ ማጠቢያው ማሽን ቱቦ ገላቸውን ይታጠቡ ነበር! በ1980 ከሌላ ሱቅ ጋር ተዋህደው በ19 ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሆል ፉድስ ከፈቱ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ1981 ግንቦት፣ ከተማዋን ጎርፍ መታት። ወደ 400 ሺህ ዶላር የሚገመት ንብረት ጠፋ፣ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ደንበኛውና ጎረቤቱ እጁን ሰብስቦ መጣና አብሮ ጠረገ፤ ሱቁ በ28 ቀን ተመልሶ ተከፈተ። ዛሬ ከ500 በላይ ቅርንጫፍ አለው። በ2017 ደግሞ አማዞን የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ወሰደው። በቱቦ ከመታጠብ እስከዚህ ድረስ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ግን ስሙን አጣመው «ሆል ፔይቼክ» ይሉታል፤ በእኛ «ደመወዝ ጨርስ» እንደ ማለት ነው። በ2015 ካሊፎርኒያ በሚገኝ ቅርንጫፍ ሦስት ዘንግ አስፓራገስ የተነከረበት አንድ ጠርሙስ ውሃ በ5 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለሽያጭ ቀርቦ ኢንተርኔቱ በሳቅ ሞተ። ኩባንያው «በስህተት ነው» ብሎ አነሳው። አስፓራገስ ለማታውቁት ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ዱላ የመሰለ አትክልት ነው። እኔም ያወቅኩት እዚያው ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ወይ? እኛም ከተማ መብራቱ የሚያንፀባርቅ፣ ወለሉ መልክ የሚያሳይ ሱፐርማርኬት ስንገባ አፋችን ይዘጋል። ጉልት ላይ ቲማቲሟን አገላብጠን፣ ተከራክረን፣ «ጨምሪ» ብለን የምንገዛ ሰዎች፣ እዚያ ስንገባ የተጻፈውን ዋጋ ከፍለን «አመሰግናለሁ» ብለን እንወጣለን። ምርቃት ቢቀር እንኳ ዓይናችንን ምን ያዘው?

ከሁሉ የገረመኝ የሚዛኑ ጉዳይ ነው። በዚያው በ2015 የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች መሥሪያ ቤት በከተማዋ ሆል ፉድስ ቅርንጫፎች ውስጥ ተመዝነው የታሸጉ 80 ዓይነት ምግቦችን ሚዛን ላይ አውጥቶ ፈተሸ። በሁሉም ዓይነት ላይ የተጻፈው ክብደት የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ፓኬት የሽሪምፕ ምግብ ላይ ትርፍ የተጠየቀው 14 ዶላር ከ84 ሳንቲም ነበር። የኩባንያው ሁለት አለቆች በቪዲዮ ወጥተው ስህተት መሥራታቸውን አመኑ፤ በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው 500 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በፊት በ2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተመሳሳይ የዋጋ ጉዳይ ወደ 800 ሺህ ዶላር ከፍሏል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ምግቡ የተበላሸ አልነበረም። ጥሩ ምግብ ነው፣ ቁጥሩ ነው የታመመው። ስለዚህ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር «እስቲ እንደገና መዝንልኝ» ማለት ነውር አይደለም። የዕቃውስ ክብደት ተቀንሷል ወይ? ማር ስትገዙ ጠርሙሱን ጭምር በማር ዋጋ እየከፈላችሁ እንዳይሆን! የአክስቴ ልጅ ጎመኗን ሳይቀር ውሃውን አራግፋ ነው ፌስታል ውስጥ የምትከተው። «ውሃ በቤቴ አለኝ» ትላለች።

ሱቁን ግን ላለመበደል ያህል፣ ከሌላው የሚለይበትንም ልንገራችሁ። መደርደሪያው ላይ እንዲወጡ የማይፈቅዳቸው ከ300 በላይ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሰው ሠራሽ ቀለም፣ ሰው ሠራሽ ጣዕም፣ የመሳሰለው። ሥጋው ላይ እንስሳው እንዴት እንዳደገ የሚናገር ደረጃ ተለጥፎበታል፤ ከ1 ይጀምርና 5 አልፎ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ተጽፎ ስለሚገኝ ማንበብ የሚችል ሰው አይታለልም። ችግሩ ማን ያነባል? እኔ ሙዟ ላይ ያለችውን ትንሽ ወረቀት ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ለካ ቁጥሯ ቋንቋ ነው። ተራ ሙዝ 4011 ይላል፤ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ያለ ተራ ፀረ ተባይ ያደገው «ኦርጋኒክ» ሙዝ ደግሞ ከፊቱ 9 ተጨምሮበት 94011 ይሆናል። ኦርጋኒኩ ይሻላል ወይ ለምትሉ፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አገናዝበው ሲያዩ የፀረ ተባይ ቅሪቱ አነስ ያለ መሆኑን፣ በቫይታሚን በኩል ግን ይህ ነው የሚባል ብልጫ እንደሌለው ጽፈዋል። እንግዲህ ኪሳችሁን አማክሩ።

የአክስቴ ልጅ ግን ከወረቀቱ ይልቅ በዓይኗና በአፍንጫዋ ነው የምታምነው። አንድ ሱፐርማርኬት ስትገባ መጀመሪያ የምትሄደው ዓሣው ጋ ነው። ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ዓሣ ዓሣ ከሸተተ ከቤቱ ምንም አትገዛም። ቀጥላ ወተቱን ከኋላ ትስባለች፤ ሠራተኛ ቀኑ የቀረበውን ከፊት ነዋ የሚያስቀምጠው! ተቆርጦ በፕላስቲክ የታሸገ ሐብሐብና ቅመም የተቀባ ሥጋ አትነካም። «እኔ በሠራሁበት ቤት ሊሰነብት ያልቻለው ነው እየተቆረጠ የሚሸጠው» ትላለች። ሁሉም ቤት እንዲያ ያደርጋል አላለችም፤ ግን እጇ አይዘረጋም። ስለ ቀኑም አንድ ነገር አስተማረችኝ። አሜሪካ ውስጥ ከሕፃናት ዱቄት ወተት በስተቀር የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ በምግብ ላይ ቀን እንዲጻፍ አያስገድድም። አምራቹ «እስከዚህ ቀን ቢበላ ይመረጣል» ብሎ የሚጽፈው ስለ ጣዕሙ ነው እንጂ በማግስቱ መርዝ ይሆናል ማለቱ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛውን ትጠይቃለች፦ «ይሄ መቼ ገባ?» አይቶ የሚመልስ ሠራተኛ ያለበት ቤት ጥሩ ቤት ነው። ትከሻውን የሚነቀንቅ ከሆነ መብራቱ አያታልላችሁ። ይህቺን እኛ ሀገርም ሞክሯት።

እህሉ ጋ ስንደርስ ማን ቢያጋጥመኝ ጥሩ ነው? ጤፍ! ጢማም የፈረንጅ ሽማግሌ ፎቶ ባለበት ፓኬት፣ ከግማሽ ኪሎ ብዙም በማይበልጥ መጠን፣ ቁጭ ብላለች። የኦሪገኑ ቦብስ ሬድ ሚል ነው የሚያሽጋት። «አራት እንጀራ ቢወጣት ነው» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ፓኬቷን እንደ ጌጥ ዕቃ ወደ ቦታዋ እየመለሰች። ትንሽ ራቅ ብሎ ይርጋ ጨፌ የሚል ቡና አለ። የሀገር ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። እሷ ዝም ብላ አንድ ከረጢት አነሳችና ጋሪው ውስጥ ከተተችው።

ገንዘብ መክፈያው ጋ ስንደርስ ቁጥሩ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ሲወጣ አየሁ። ልክፈል ብዬ ኪሴን ስነካ በዓይኗ ገደለችኝ። የከፈለችው ገንዘብ የአንድ ሌሊት ሥራዋን ሳይጨርስ አልቀረም። ስንቱን ሽማግሌ አንስታ፣ ስንቱን አስተኝታ ያገኘችው ነው።

ማታ ውሃ ልጠጣ ፍሪጁን ከፈትኩ። ከላይ ያለው መደርደሪያ በቀኑ የገዛነው ነው፦ ቺዙ፣ እንጆሪው፣ ዓሣው። ታች ያለው ሌላ ሱቅ ነው። ቅናሽ የተለጠፈበት ዶሮ፣ የርካሽ መደብር እንቁላል፣ በትልቅ ፕላስቲክ ዕቃ ለሳምንት የተሠራ ሽሮ። የላይኛውን ለካ አልነካችውም፤ የእኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሱቁን ስም የያዘውን የወረቀት ቦርሳ አቁማ ፎቶ አንስታ ለቤተሰብ ልካለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ለፎቶው ነው እንዴ የሄድነው?» አልኳት። ዝም አለች። የዝምታዋ ርዝመት አስፈራኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቤተሰብ የመጣብኝ ሰው የለም» አለች በመጨረሻ። «የመጣኸው አንተ ነህ። በቅናሽ ዶሮ ልቀበልህ?»

ምን ይባላል? እኛስ ብንሆን የታወቀ ሱፐርማርኬት ፌስታል ተጣጥፎ ወር ሙሉ ምሳ ዕቃ ሲያመላልስ አናውቅም? አንዲት ጭማቂ ገዝቶ ፌስታሉን የሚያስረዝም ስንት አለ! ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ዓሣውንም አብረን በላነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እሷ ሁልጊዜ የምትገዛበት ወሰደችኝ። አበባ የለውም። መግቢያው ላይ የሽንኩርት ጆንያ ነው። ላቲኑ፣ ቻይናው፣ ሀበሻው ይጋፋል፤ ቃሪያው በክምር ነው፣ ሰው እያገላበጠ ይመርጣል። የአክስቴ ልጅ እዚያ ስትገባ ትከሻዋ ወረደ፣ ድምጿም ከፍ አለ። ሚዛኑ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ለሁሉም ይታያል። ዓሣው ጋ ሄዳ አሸተተች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አለፈችው። «ጎመን ብቻ ነው እዚህ» አለችኝ። ሥጋ ከሌላ ቦታ፣ እንጀራ ከሀበሻ ሱቅ፣ እንቁላል ከርካሹ መደብር። አንድ ቤት ሁሉንም አይችልም፤ እሷም ከአንድ ቤት ሁሉንም አትጠብቅም። በእግሯ ነው የምትመርጠው።

ስመለስ ያን የይርጋ ጨፌ ቡና «ለአክስቴ ስጥልኝ» ብላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። እናቴ ከረጢቱን ተቀብላ አገላበጠችው፣ በላይ በላዩ አሸተተችው።

«ይሄ ከዚህ ሄዶ ነው ታሽጎ የመጣው?»

«አዎ።»

«ስንት ገዛችው?»

በብር መንዝሬ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከረጢቱን ሳትከፍተው ወስዳ ብፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀመጠችውና ዞረች።

«እሷስ ምን እየበላች ነው?» አለችኝ።